የግራ እጄ ነገር

ጥቅምት 23 ቀን 1970፣ ረቡዕ

አዲስ ደብተር። አሮጌው መስከረም ላይ አለቀና ወር ሙሉ ሳልጽፍ ከረምሁ። ይህችን ሣህሉ ነው የሰጠኝ፣ «የዓለምን ካርታ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ደብተር ያጣል?» ብሎ። እሱ ሒሳብ ያስተምራል፣ እኔ ጂኦግራፊ። ክፍሎቻችንን አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ተማሪዎቹን ሲያሥቅ ይሰማኛል። ሒሳብ ምን ያሥቃል?

ዛሬ ሰባተኛ ክፍሎችን የጣናን ደሴቶች ጻፉ አልኋቸው። ግማሾቹ ዘጌን ጻፉ። ዘጌ ደሴት አይደለችም! ስንት ጊዜ ልናገር? ተወልጄባታለሁ፤ በእግሬ ወጥቼ በእግሬ ገብቼባታለሁ። ሁሉንም ሰረዝሁባቸው።

ቅዳሜ እዚያው ነኝ። የእናቴ ሰባተኛ ሙት ዓመት ነው። ፀሐይወርቅ ከአሁኑ ትነዘንዘኛለች። «ማታውን ተመለስ። እሑድ ስብሰባ ነው፤ ከቀረህ ስምህ ይያዛል» ትላለች። የሚስቴ ፍራቻ ማለቂያ የለውም… እውነት አላት ግን። የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዱ በአደባባይ «የደብተራ ዘር» ብሎኛል።

ይህን ደብተር ከዶሮዎቹ ቆጥ ሥር ነው የማኖረው። ይሸታል። ይሽተት።


ጥቅምት 27፣ እሑድ

ወደቅሁ።

ትናንት ነው። ተዝካሩ ሳያልቅ፣ ቄሶቹ ገና ሳይነሡ፣ ለስብሰባ ልድረስ ብዬ ወደ ጀልባው ሮጥሁ። መሳፈሪያው ላይ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነበር። ግራ እጄን ዘርግቼ አረፍሁበት። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ተቀደደ፤ ድምፁን ሰማሁት።

የዘጌ ሰው መች ሐኪም ቤት ያውቃል? እኔስ ብሆን፣ ተማርሁ የምለው፣ መች ትዝ አለኝ? አያ ወልደ ዮሐንስ ተጠሩ። ወጌሻ ናቸው፤ የአባቴንም እግር የጠገኑት እሳቸው ናቸው። ዳሰስ ዳሰስ አደረጉኝና «ወልቋል ልጄ» አሉ። ቅቤ ቀቡኝ። ተረከዛቸውን ብብቴ ሥር ተከሉና ሳቡት። አቤት! እናቴን ጠራኋት፣ በሙት ዓመቷ። «ገባ» አሉ። «ገባ» አልሁ እኔም። ሌላ ምን ልበል?

እዚያው አደርሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ልደርስለት የሮጥሁት ስብሰባም አለፈኝ።


ኅዳር 1፣ ሐሙስ

ሸሚዝ የምታለብሰኝ ፀሐይወርቅ ናት። ልጆቹ ቆመው ያዩኛል። ትንሿ «አባባ እንደኔ ሆነ» አለች።


ኅዳር 4፣ እሑድ

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። የኛ ሊቀመንበር ቢያዝን ነው፣ ልብስ ሰፊው። ዱሮ ሱሪዬን ሲያሳጥርልኝ «እርስዎ» ይለኝ ነበር፤ ዛሬ «አንተ» ሆኛለሁ። ይሁን።

«ግራ እጅ ወደ ላይ! አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» ሁሉም ጨበጠ፣ አነሣ። እኔ… እጄን አዘዝሁት። አልሰማም። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰበሰበ እንጂ ክንዴ ከጎኔ ንቅንቅ አላለም። እንደገና አዘዝሁት። ወይ ፍንክች! ሰው ሁሉ እጁን ሰቅሎ እኔ ብቻ እንደ ጉቶ ቆሜ ቀረሁ። ሲጨንቀኝ ቀኜን አነሣሁ።

ዝም ቢል ምን ነበረበት? መፈክሩን አቋርጦ፣ «ጓድ መምህር፣ ቀኝ መንገደኛ ሆንህ እንዴ?» አለ። ሰው ሣቀ። ሣቁ ግን ወዲያው ቆመ። ቀልድ አለመሆኑ ለሁሉም ገባው።

«ግራ እጄን ታምሜ ነው፣ ጓድ።»

«አብዮቱ አልታመመም። ለሚቀጥለው እሑድ ድነህ ና።»

መዳን በትእዛዝ! ስንወጣ ሁልጊዜ አብረውኝ የሚሄዱት ጎረቤቶች መንገድ ቀየሩ።


ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ሣህሉ በዕረፍት ሰዓት መጣ። «ይኼ ነገር ቀልድ አይደለም ተክሌ» አለኝ። እሱ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሹም አቦ ሰፈሩን ባለ ወፍጮ አስታወሰኝ። ጉሮሮዬን ታምሜአለሁ ብሎ መፈክር ሳያሰማ የቀረውን። ወሰዱት። ወፍጮው እስከ ዛሬ ዝግ ነው፤ የሰፈሩ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ማንም ስለ ሰውየው አይጠይቅም።

«ሆስፒታል ሂድ። ምን እንደሆነ እንኳ ዕወቀው።»


ኅዳር 9፣ አርብ

ሄድሁ። ሲስተር እናትዓለም የምትባል የሸዋ ልጅ አየችኝ። ልምምድ የምታሠራው እሷ ናት። ገና ስትነካኝ፣

«ወጌሻ ነክቶታል?»

በቀኜ የሸሚዜን ቁልፍ መነካካት ጀመርሁ።

«ነክቶታል» አለች ለራሷ። ወልቆ አልነበረም። ጡንቻ ነው የተበጠሰው፤ መሳቡ አባሰው። አያ ወልደ ዮሐንስን ልቀየማቸው ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። እሳቸው የሚያውቁት አጥንት ነው። የሮጥሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ አስተማረችኝ። መምህር ስለሆንሁ ይሆን? ከምሳ ዕቃዋ ሎሚና ማንኪያ አወጣች። ሎሚዋን ማንኪያው ላይ አስቀመጠች። «የክንድዎ አጥንት ጫፍ ይቺ ናት። ማረፊያዋም ይቺን ያህል ናት። እንዳትንከባለል አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ዙሪያዋን ይይዟታል።» አንዷ ከላይ በኩል ናት። የኔ የተበጠሰችው እሷ ናት። ያን ያህል ጉልበት የላትም፤ ክንድን ከጎን ታላቅቃለች፣ ሎሚዋን አርግታ ትይዛለች። ዋናው ጉልበት ትከሻን እንደ ቆብ የሸፈነው ትልቁ ጡንቻ ነው።

«ትልቁ ካለኝ ታዲያ ምን ሆኖ አይነሣም?»

«ክንድ ከጎን ተለጥፎ ሳለ ትልቁ ብቻውን ሲስብ ሎሚዋን ሽቅብ ይገፋታል። ለዚህ ነው ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ የሚሸሸው።»

እውነቷን ነው። አዳራሹ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው።

ከትከሻ በላይ ሲደርስ ደግሞ ጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ራሱ መዞር አለበት አለች። ከማጅራት የሚወርደውና ከጎድን የሚመጣው ጡንቻ ተጋግዘው ያዞሩታል። «ተራ በተራ እንዳይመስልዎ። ሁሉም ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረው ናቸው፤ ድርሻቸው ነው የሚለያየው። የዕድር ድንኳን ሲተከል አይተው የለ? አንዱ ምሰሶውን ከመሬት ያላቅቃል፣ ሌላው ይገፋል፣ ሌሎቹ ገመድ ይስባሉ። ያ የመጀመሪያው ሰው ከቀረ ገመድ ሳቢ ቢበዛ ምን ይፈይዳል?»

አርባ አራት ዓመት እጄን ሳነሣ ሳወርድ ኖሬ፣ ይህ ሁሉ እንደሚሠራልኝ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በመዳፏ ክርኔን ነካ አድርጋ አንድ ስንዝር ከጎኔ አራቀችው። «አሁን ያንሡት።»

ተነሣ! እየተንቀጠቀጠ፣ እስከ ላይ። አለቀስሁ፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«አዩ? እኔ አላነሣሁትም። እርስዎ ነዎት። እኔ ያስጀመርኩት ብቻ ነው።»

የሕመም ወረቀት ጻፈችልኝ። የሚታጠፍ፣ ማኅተም ያለበት።


ኅዳር 11፣ እሑድ

ወረቀቱን ለቢያዝን ሰጠሁት። አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ወረቀት እጅ አያነሣም» አለ።

ሣህሉ ግን… ሲስተር ያለችኝን ሁሉ ነግሬው ነበር። በግራዬ መጥቶ ጥብቅ ብሎ ቆመ። «ግራ እጅ ወደ ላይ!» ሲባል የራሱን ግራ አነሣ፤ የቀኙን ጀርባ ደግሞ ከክርኔ ሥር ሸጎጥ አድርጎ ገፋኝ። አንዲት ስንዝር። በዚያ ግፊያ መሃል ማን ያያል? ትልቁ ጡንቻዬ ተቀበለ። ጨበጥሁ፣ አነሣሁ፣ ጮህሁ። ቢያዝን አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

ስንወጣ «ምን ልበልህ?» አልሁት።

«ምንም። ለአብዮቱ የበኩሌን ተወጣሁ።»

መንገድ ላይ እስኪያመኝ ሣቅሁ። ትከሻዬን ማለቴ ነው።


ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

አምስተኛ እሑድ ነው ሲገፋኝ። ማንም አላወቀም።

ሲስተር ያዘዘችኝን በየቀኑ እሠራለሁ። ጎንበስ ብዬ እጄን እንደ ደወል ማወዛወዝ። ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ሽቅብ ማስኬድ። ፀሐይወርቅ የደረስሁበትን በከሰል ታሰምራለች። ግድግዳችን ጉድ ሆኗል። ሣህሉ ከስብሰባ በኋላ ይመጣና በክፍሉ ትልቅ የእንጨት ፕሮትራክተር ይለካኛል፤ ያለ ማንም እርዳታ ስንት ዲግሪ እንደምደርስ በትንሽ ደብተሩ ይጽፋል። ዛሬ አሥራ ሁለት።

«ከዜሮ እስከ ሠላሳ የኔ ነው፤ ከዚያ በላይ ያንተ» ይላል። «አብዮቱ እስኪያልቅ ትድናለህ።»

ፀሐይወርቅ በር ዘጋች።


ጥር 12፣ አርብ

ጥምቀት ትናንት ሆነ። ሰው ያጨበጭባል፤ እኔ ቀኜን በጭኔ ላይ እመታለሁ። ሣህሉ ከሕዝቡ ለየኝና ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። የእህቱ ልጅ ከቆላ ድባ ሸሽቶ ቤቱ መጥቶ ነበር። የሚፈለግ ነው፤ ተማሪ ሳለ ነው ነገር ውስጥ የገባው።

«ራበኝ አለኝ ተክሌ። የእህትህ ልጅ ራበኝ ሲልህ ምን ትለዋለህ? አበላሁት፣ አሳደርሁት፣ ሸኘሁት። በቃ።»

ሚስቱ የሻሽወርቅ እርጉዝ ናት፤ ወሯ እየገባ ነው። የሚፈለግ መሆኑን ለሷ አልነገራትም። «ለማንም እንዳትናገር» አልሁት። «ላንተ ነገርሁ አይደል?» አለ።

ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር። እዚህስ ለምን እጽፈዋለሁ? ካልጻፍሁ ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝማ።


ጥር 28፣ እሑድ

ጉድ ነው የዛሬው። ቢያዝን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ጓዶች፣ እጅ ስታነሡ እንደ ጓድ መምህር ተክለ ጊዮርጊስ አንሡ! ታምሜአለሁ ሲል የነበረ ሰው እነሆ በአብዮቱ ድኖ አርአያ ሆኗል!» አለ። ተጨበጨበልኝ። ሣህሉ ሣቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ።

እኔ አልሣቅሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገሩ ደስ አላለኝም።


የካቲት 14፣ ማክሰኞ

የሻሽወርቅ ወለደች። ወንድ! ሣህሉ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ሮጦ መጣ። «ክርስትናውን የምታነሣው አንተ ነህ።»

«በዚህ እጅ?»

«እኔ እገፋሃለሁ፣ ምን ቸገረህ!»

እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ። ዛሬ ደስ ብሎኝ እንደነበር ይጻፍ።


የካቲት 20፣ ሰኞ

ሣህሉን ወሰዱት።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። በግድግዳው በኩል ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ መሃል ላይ ተቋረጠ። የጫማ ኮቴ ሰማሁ። ወጥቼ አላየሁም። ለተማሪዎቼ ስለ ዓባይ ገባሮች መናገሬን ቀጠልሁ፤ ቀጠልሁ!

ኋላ ገብቼ አየሁት። ሰሌዳው ላይ ጀምሮ የተወው ክፍልፋይ አለ። ማንም አላጠፋውም።

የእህቱን ልጅ መንገድ ላይ ይዘውታል አሉ። ያደረበትን ቤት ተናግሯል።


የካቲት 25፣ ቅዳሜ

ነገ ሣህሉን ሕዝብ ፊት ያቀርቡታል። ፍርዱን ሕዝቡ በእጁ ይሰጣል ተብሏል። እርምጃ ይወሰድበት የሚል ግራ እጁን ያነሣል።

ስሰማ ደንግጬ፣ ከዚያ… እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ። «እኔ እንደሁ እጄ አይነሣም» አልኋት ፀሐይወርቅን። «የሚገፋኝ ሰው እሱ ነበር። ወረቀቴንም ቢያዝን አይቶታል።»

ምጣድ ላይ ያለውን ቆሎ ትታ ዞረችብኝ። «ማን ያምንሃል? ሦስት ወር ተኩል ስታነሣ ሲያዩህ! አርአያ ብሎ ያስጨበጨበልህ ማን ሆነና? ለሣህሉ ሲሆን ጊዜ አልነሣ ሲልህ ምን ይልሃል?»

እውነቷን ነው። ያዳነኝ ነገር መልሶ አሰረኝ።

«ታምሜአለሁ ብዬ ብቀር?»

«የቀረ ስሙ ይያዛል።»

ልጆቹ ሰምተው ይሆን? 


የካቲት 26፣ እሑድ

ተነሣ።


የካቲት 28፣ ማክሰኞ

ትናንት ጾም ገባ። አሁን እንደምንም ልጻፈው።

ፀሐይወርቅ በግራዬ ቆመች፣ በሣህሉ ቦታ። ሣህሉን እጁን የኋሊት አስረው መድረክ ላይ አቆሙት። ሸሚዙ ያው ሰኞ ለብሶት የነበረው ነው፤ ኪሱ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ቢያዝን አነበበ። ፀረ ሕዝብ አስጠግቷል፣ አብልቷል፣ አሳድሯል። «ይኸው ነው?» አልሁ በልቤ። «ማብላት ነው?» ሌላ ሰውም በልቡ እንደዚያ ሳይል አይቀርም። በልብ ማን አየው።

«አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት የምትሉ፣ ግራ እጅ ወደ ላይ!»

እጅ፣ እጅ፣ እጅ… እንደ ሐይቁ ዳር ደንገል። ሣህሉ ሰዉን አያይም ነበር። እኔን ነው ያየኝ። ከጎኔ ተለጥፎ ያለውን እጄን። እኔ አላዘዝሁትም። አላዘዝሁትም መሰለኝ… ትከሻዬ ግን ወደ ጆሮዬ ሽቅብ ብሎ ነበር። ካላዘዝሁት ለምን ሸሸ?

ያኔ የሣህሉ ቀኝ ትከሻ ንቅንቅ አለ። አንድ ጊዜ። አንሣ እያለኝ ነው? ገመዱ ቆርጦት ነው? ይህን እስክሞት አላውቀውም።

ከዚያ ክርኔ ሥር የፀሐይወርቅን እጅ አገኘሁት። አንዲት ስንዝር ገፋችኝ። ትልቁ ጡንቻ ተቀበለ። ከማጅራት የሚወርደው፣ ከጎድን የሚመጣው፣ ሁሉም የየድርሻቸውን ሠሩ። ተነሣ።

ሁለት ቀን ሙሉ የማስበው ይህን ነው። ማን አነሣው? ሚስቴ ናት እላለሁ። ቢያዝን ነው እላለሁ። ሲስተር ያለችኝ ትዝ ይለኛል፤ «እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያስጀመርኩት ብቻ ነው።» እሺ፣ ይነሣ፤ ማውረዱስ? እጅ ማውረድ ጉልበት አይጠይቅም። መተው ብቻ ነው። እኔ አልተውሁትም። ቢያዝን «በሙሉ ድምፅ!» እስኪል ጨብጬ፣ እየተንቀጠቀጥሁ፣ ይዤው ቆየሁ።

ፀሐይወርቅ ቤት ስንገባ «ልጆቼን ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለሱ አልተነጋገርንም። ቅዳሜ ምጣዱ ላይ ትታው ያረረው ቆሎ ተጣለ።


መጋቢት 3፣ እሑድ

ሣህሉ የለም። ሐሙስ ነው አሉ። ቦታውን ማንም አይናገርም። አስከሬን አይሰጥም፣ ማልቀስ ክልክል ነው፣ ድንኳን አይተከልም። የዕድሩ ድንኳን እንደተጠቀለለ ከዳኛው ቤት ተቀምጧል።

የሻሽወርቅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ነክሳ ሕፃኑን ታጠባለች። ድምፅ አይወጣትም። ከአጠገቧ ተቀመጥሁ። 

ዛሬም ስብሰባ ነበር። ፀሐይወርቅ ገፋችኝ፣ ተነሣ።


መጋቢት 10፣ እሑድ

አንድ እጅ ቢጎድል ኖሮ ይተርፍ ነበር? አይተርፍም። ይህን ልጅም ያውቀዋል። ሳህኑን እያየሁ «አይተርፍም» እላለሁ፣ ሰሌዳውን እያየሁ «አይተርፍም» እላለሁ። እንግዲያውስ ለምን ደጋግሜ እለዋለሁ?


መጋቢት 23፣ ቅዳሜ

የልጁ ክርስትና። ስመ ክርስትናው ዓምደ ሚካኤል። እኔ አነሣሁት። በቀኜ አቀፍሁት፤ ግራዬን ከሥር ደገፍሁበት። ከባድ ልጅ ነው፣ አባቱን ይመስላል።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሻሽወርቅ ከሰዉ ወደ ኋላ ቀረች። ያን ዕለት አራስ ነበረች፤ ከቤት አልወጣችም። ያየችው ነገር የለም። የሰማችውም «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ጋሼ ተክሌ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ?» አለችኝ። «ሁሉም አነሡ ሲሉኝ ላብድ ነበር። ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰው፣ ያስተማራቸው ልጆች አባቶች ሁሉ። ኋላ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የጋሼ ተክሌ እጅ ያለ ሣህሉ አይነሣም፣ አልሁ። ነግሮኝ ነበር፤ በየእሑዱ እንደሚገፋዎ። እሱ ታስሮ ቆሞ ማን ይገፋዎታል? አንድ እጅ አልተነሣበትም፣ አልሁ። እሱን ይዤ ነው የተኛሁት። እስከ ዛሬም የምተኛው እሱን ይዤ ነው።»

አፌን ከፈትሁ። ልጁ አለቀሰ። እሷ ተቀበለችኝ።

ማታ ለፀሐይወርቅ ነገርኋት። «አትንገራት» አለች። «ለኛ ብዬ አይደለም፤ ለሷ ብዬ ነው።» ለማን ብላ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። እኔም አልነገርኋትም። አሁን ደግሞ ይኼኛው ዝምታ የማንም ግፊት የሌለበት የኔ ነው።


ሚያዝያ 22፣ እሑድ

ፋሲካ። ስብሰባ ነበር።


ግንቦት 6፣ እሑድ

ፀሐይወርቅ ወባ ይዟት ተኝታለች። ብቻዬን ሄድሁ። በግራዬ የማላውቀው ሰው ነው የቆመው። ዛሬ አለቀልኝ አልሁ። እውነቴን ነው፣ ተስፋም ነበረኝ። አልነሣ ይበልና የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ፣ ግልግል ነው አልሁ።

«ግራ እጅ ወደ ላይ!»

ተነሣ። ማንም ሳይነካኝ፣ ከዜሮ ጀምሮ፣ ቀጥ ብሎ።

ልምምዱን ከየካቲት ወዲህ ትቼዋለሁ። ታዲያ ምን አዳነው? ስመለስ ሲስተር እናትዓለምን ገበያ አጠገብ አገኘኋት። ነገርኋት። ደስ አላት። «የተበጠሰችው አልተቀጠለችም» አለች። «ሌሎቹ ናቸው የሷን ድርሻ የለመዱላት። በየሳምንቱ ያነሡት ስለነበር ነው። እንኳን ደስ ያለዎ!»

የሷን ድርሻ ለመዱላት… እንኳን አብሮ ደስ ያለን አልሁ።

ቤት ገብቼ የግድግዳውን ከሰል በእርጥብ ጨርቅ ፈገፈግሁት። አልጠፋ አለኝ። የባሰ ተለቀለቀ።


ሰኔ 12፣ ሰኞ

የሻሽወርቅ ነገ ወደ እናቷ ትሄዳለች። ቤቱን ቀበሌው ይፈልገዋል። ዕቃ ልታስር ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሄድሁ። ፀሐይወርቅ ለመንገድ ዳቦ ላከችላት።

ልጁ አልጋው ላይ ይንፈራገጣል። አራት ወር ሊሞላው ነው። አየኝና ሣቀ። ተንኮለኛ ሣቅ ነው ያለው፤ ያንኑ የአባቱን።

የእንጨት ፕሮትራክተሩን ከነትንሿ ደብተር ሰጠችኝ። «የእርስዎ ነው፤ ሌላ ማን ይፈልገዋል» አለች። በሣህሉ ጽሕፈት፦ ኅዳር 18 ዜሮ፣ ታኅሣሥ 9 አሥራ ሁለት፣ ጥር 28 ሃያ ስድስት፣ የካቲት 19 ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንዱን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የሱ ድርሻ ያለቀበት ቀን መሆኑ ነው። እኔ ያን ዕለት ልብ አላልሁትም፤ ሊገፋኝ የማያስፈልገው ቀን እየመጣ እንደሆነ እሱ ቀድሞ አውቋል።

ታዲያ ያን እሑድ ብቻዬን አነሣው ነበር? ፀሐይወርቅ ባትገፋኝም?

ከዚህ በላይ ማሰብ አልቻልሁም። የሻሽወርቅ እየተናገረች ነበር። የሣህሉ ሻንጣ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ የልጁን ልብስ ልትከትበት ትፈልጋለች። ቁም ሳጥኑ ረጅም ነው፤ እሷ አጭር ናት። እኔ ደግሞ ቀኜን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆሜአለሁ፤ ሻንጣው ከግራዬ በላይ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ።

«ውይ፣ ጋሼ ተክሌ!» አለች። «እጅዎን ረስቼው። ይተዉት፣ ይተዉት፣ እኔ እወጣለሁ።»

ፈገግ አለች። ከየካቲት ወዲህ ስታደርገው ያየኋት ዛሬ ነው። በርጩማ ጎትታ አመጣች። አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ይንገዳገዳል። ነጠላዋን አሸርጣ ወጣችበት፣ በጣቶቿ ጫፍ ተንጠራራች።

ግራ እጄ ከጎኔ ነበር። ደህና ነው። ሁሉም ጡንቻ በየቦታው አለ። አላነሣሁትም።

በርጩማውን ያዝሁላት። በቀኜ።